የዘር በቆሎ ያንጠለጠልኩበት ሽቦ

ባለፈው እሁድ የልጅ ልጄ ማስተዋል በስልክ ፊቷን እያሳየችኝ ስታወራ፣ ድንገት አፏ እንደተከፈተ ደርቃ ቀረች። ኔትወርኩ ነው። ያቺ ክብ ምልክት ግንባሯ ላይ ትዞራለች። እኔም ሳላስበው ብድግ ብዬ ቀኝ እጄን ወደ ጣራው ዘረጋሁ። አጠገቤ የነበረችው፣ ጥሩ የምትባለው ጎረቤቴ ሳቀች። ከዓመታት በፊት አንድ ቀን እንዲሁ እጄን ዘርግቼ በአጥሩ አሻግራ አይታኛለችና ምን ልይዝ እንደተነሳሁ ታውቃለች።

ሰው የወጣትነት ነገር ሲያነሳ የራሱን ያወራል። የእኔ ወጣትነት ድንች ተሸክሞ ገበያ በመውጣት አለቀ፤ ትምህርት ቤትም አልገባሁ፣ ፊደል የለየሁት ጎልማሳ ሆኜ ከልጆቼ ደብተር ላይ ነው። የማስተዋልን ወጣትነት ግን አብሬያት ስለኖርኩት የእኔም ይመስለኛል። ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ።

ዓመቱን እንጃ፣ ከአሥር ዓመት ያልፈዋል። ወሩ ሚያዝያ ነበር። ዳንግላ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ አፈሩ መሽተት ጀምሯል፤ መንገዱ ባጃጅ እስከ ጎማዋ ወገብ ይውጣል። ልጄ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቶልን ሳሎን አስቀምጠነዋል። ኢንተርኔቱ የሚመጣው በቤቱ ስልክ ሽቦ ነው።

ማስተዋል አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ቤት ከተቀመጠች ዓመት ሊሞላት ነው። ሩቅ ከተማ፣ ያለ ክፍያ፣ ነርስነት የሚያስተምሩበት ዕድል ተገኘ። ማመልከቻው የሚሞላው በኢንተርኔት ብቻ ነው። ሦስት ቀን ሞክራ አቃታት፤ አራተኛው ቀን የመጨረሻው ሆነ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።

«ይኸው ደግሞ፣ ግማሹ መጣና ግማሹ ነጭ ሆኖ ቀረ።»

«ደክሞት ይሆናል፤ እስቲ ትንሽ አሳርፊው» አልኳት።

«እማማ፣ በሬ አይደለም እኮ።»

ያልሞከረችው የለም። ሌላ የተከፈተውን ሁሉ ዘጋች። ሥዕሎቹ እንዳይመጡ አደረገች። ውስጡ የተጠራቀመውን አሮጌ ነገር ጠረገች፤ አጥፍታ አበራችው። ያቺን መብራቷ ብልጭ የምትለውን ሳጥንም ነቅላ ሰካቻት። ያው ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ኢንተርኔት ቤቱ ሮጠች፤ ባለቤቱ ለቅሶ ሄዶ ተዘግቷል። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ተመለሰች። የቀቀልኩላት ድንች ከነሚጥሚጣው ቀዘቀዘ፤ ዞር ብላም አላየችው።

እኔ መቀመጥ አቃተኝ። እገባለሁ፣ እወጣለሁ። ምድጃው ጋ እሄድና ለምን እንደመጣሁ ይጠፋኛል። ሲጨንቀኝ ጊዜ የዘር በቆሎዬን ልይ ብዬ ወጣሁ። ሰሞኑን አይጥ አስቸግሮኝ ከማድቤት አውጥቼው ነበር፤ ቅጠሉን ወደ ኋላ ገልብጬ፣ ጥንድ ጥንድ እያሰርኩ፣ በጣራው ክፈፍ ሥር በሚያልፈው ገመድ ላይ አንጠልጥዬዋለሁ። ጠንካራ ገመድ ሥራ ፈትቶ ማየት አልወድም። ርሶ እንደሆነ ብዬ አንዱን ጥንድ ከፍ አደረግሁት።

«መጣ። እማማ፣ ገጹ መጣ» አለች ከውስጥ።

ገብቼ ላይላት ብዬ በቆሎውን ለቀቅሁ።

«ሄደ።»

ቀና አልኩ። ገመድ ያልኩት የስልኩ ሽቦ ነው። በጥቁር ናስትሮ የተጠቀለለው መጋጠሚያው በበቆሎዬ ክብደት ተስቦ ተላቅቋል፤ ዝናቡ በዚያ ይንጠባጠባል። በቆሎውን ሁሉ ፈትቼ ጣልኩት። ሽቦው ግን አንዴ ላልቷል። በርጩማ ላይ ወጥቼ መጋጠሚያውን በእጄ ደግፌ ያዝኩት።

«ማስተዋል፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። በቆሎዬ ነው የበጠሰው።»

«እሱን አሁን ይተዉት። እጅዎን ብቻ እንዳያወርዱ።»

ቆምኩ። ዝናቡ በእጅጌዬ ገብቶ ብብቴ ደረሰ። ጥሩ በአጥሩ ብቅ አለች።

«አንቺ፣ ዘንድሮ ሽቦ ላይ ልትዘሪ ነው?»

«ማስተዋልን እየላክኋት ነው» አልኩ።

የደነገጥኩት ካልኩት በኋላ ነው። ለካ እየላክኋት ነው። ከዚህ ወዲያ ቡናውን ማን ይወቅጥልኛል፣ ማታ የበሩን መወርወሪያ ማን ይዘጋል? እጄን ትንሽ፣ የጣት ያህል ብቻ ዝቅ ባደርግ ትቀራለች። ማንም አያውቅም፤ ሁሉም ኔትወርኩን ነው የሚረግመው። ክንዴ ወደ ታች ከበደኝ። ድካሙ ይሁን ሐሳቡ፣ ዛሬም አልለየሁትም።

«ምን ያህል ቀረሽ?»

«አንድ ገጽ።»

ግራ እጄን ከቀኙ ሥር አስገብቼ ደገፍኩት።

«ማመልከቻው ሄደልኝ» አለች በመጨረሻ። ወጥታ ክንዴን አወረደችው፤ አልታጠፍ ብሎ ስታሸው ቆየች። ከዚያ ዙሪያውን አየችና፣ «እማማ፣ በዚያ በትር ለምን አልደገፉትም?» አለችኝ። በትሩ ግድግዳው ጥግ ቆሟል። እኔ አላየሁትም።

መስከረም ላይ በሚኒባስ ሄደች። ይኸው ስንት ዓመቷ፣ በሰው አገር የሰው ቁስል ታጥባለች። በቆሎዬንም፣ በትሩንም እያነሳች ትስቅብኛለች። ያችን የጣት ያህሏን ሐሳብ ግን ነግሬያት አላውቅም።

እሁድ ዕለትም እንዲሁ እጄን ዘርግቼ ቆሜ ቀረሁ። ክንዴን ይዛ ወደ ስልኩ የሳበችኝ ጥሩ ናት።

«በይ አውርጂው» አለችኝ፣ «መጥታለች።»