የአካባቢ ፈቃድ

ክፍሉ ውስጥ መጀመሪያ ያየሁት መስኮቱን ነው። ከጣሪያው ሥር፣ ከመዳፍ ብዙም የማይሰፋ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ሽንትና በረኪና ይሸታል። ቀድማኝ የታሰረች አንዲት አስተማሪ የፍራሿን ግማሽ ለቀቀችልኝ። ወሬ እንድታወጣጣኝ አስገብተዋት ይሆናል ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«እማማ፣ እርስዎ ደግሞ ምን አድርገው ነው?» አለችኝ።

«ጠይቄ።»

ቦዲቲ ከተማ፣ ከአጥራችን ጀርባ፣ ለስልክ ኔትወርክ ማማ ጉድጓድ ተቆፈረ። የልጅ ልጆቼ የሚተኙበት ክፍል ከዚያ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ማማው የሚለቀውን ጨረር ማን ይለካል ብዬ አንዱ ቢሮ ብሄድ ወደ ሌላው ላከኝ፤ ሌላው ወደ መጀመሪያው መለሰኝ። በኋላ በቀበሌ ስብሰባ አንድ ባለሙያ ተነሥቶ «የአካባቢ ፈቃድ አለው» አለ። አካባቢውማ እኛ ነን። ጎረቤቶቼን ዞሬ አየኋቸው፤ የፈቀደ የለም። «ይሄ ሰው ዋሸ!» ብዬ ጮኽኩ። ሰዉ ግር ብሎ ተነሣ፤ ስብሰባው ተበተነ። በማግስቱ ፖሊሶች ወሰዱኝ።

አስተማሪዋ አፏን ይዛ ሳቀች። «እማማ፣ አካባቢ ያለው እኮ የሰፈሩን ሰው አይደለም። አየሩን፣ መሬቱን፣ ውሃውን ነው። ያንን መርምሮ ወረቀት የሚሰጥ ቢሮ አለ።»

«ታዲያ ሰውየው አልዋሸም?»

«ወረቀቱ ካለ፣ አልዋሸም።»

«ካለ» ያለችውን ያዝኩ።

በሦስተኛው ቀን መርማሪው አስጠራኝ። «እማማ፣ ይፈርሙና ቤትዎ ይግቡ።» ወረቀቱን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ፈቃድ መኖሩን እያወቅኩ ሐሰት ተናገርኩ ይላል።

«ቃሉ አልገባኝም ነበር፣ ተሳስቻለሁ። ይህን ጻፍ። ‹እያወቅኩ› የሚለውን አውጣው።»

«ምን ለውጥ አለው?»

«ለውጥ ከሌለው ማውጣቱ ምን ያስቸግርሃል? ፈቃዱንስ አይተኸዋል?»

«እኔ ፖሊስ ነኝ፤ የአካባቢ ጥበቃ አይደለሁም።»

«ጨረሩስ ተለክቷል?»

«እሱም የእኔ ሥራ አይደለም።»

«የማን ነው?»

ወደ ክፍሌ መለሰኝ። ምራቴ የላከችው ቅቅል ጎዳሬ ገባልኝ፤ ጠባቂዎቹ እያንዳንዱን በእንጨት ወግተውታል። ውስጡ ምን ይገኛል ብለው እንደሆነ አላውቅም። ከአስተማሪዋ ጋር ተካፍለን በላን። በዚያን ቀን ፊቴን አላዞርኩባትም።

በማግስቱ መርማሪው ሌላ ወረቀት አቀረበልኝ። «እያወቅኩ» ወጥቷል። ፈረምኩ። ከፊርማዬ ሥር በትልልቅ ፊደል «ልኬቱን ግን አላሳዩኝም» ብዬ ጨመርኩበት።

«ወረቀቱን አበላሹት!» አለ። ግን አልቀደደውም። በሩን ራሱ ከፈተልኝ።

ማማው ዛሬ ተተክሎ ይሠራል። ስልኬ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ይህን አልክድም። ይጎዳል ብዬም አላውቅም። ሳይለካ አይጎዳም የሚለኝን ግን አላምንም።

ባለሙያውን ገበያ አገኘሁትና በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቅኩት፤ በሰው ፊት ነበር ዋሸህ ያልኩት። ከዚያ ፈቃዱንና ልኬቱን እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት። ይቅርታዬን ተቀበለ። ወረቀቱን እስካሁን አላየሁም።