ቁራጭ መቀመጥ እንዴት ተማረ

ልብስ ሰፊዋ ውሻውን ቁራጭ ያለችው፣ እህቷ አገር ለቃ ስትሄድ ስትረከበው ከጨርቅ ተቆርጦ የቀረ ይመስል ስለነበር ነው። ትንሽነቱ ግን ለዓይን ብቻ ነበር። በሩ ገርበብ ካለ እንደ ጥይት ይፈተለክና ደረጃው ላይ ባገኘው እግር ሥር ሁሉ ይሽሎከሎካል።

አንድ ቀን ከላይኛው ፎቅ የሚኖሩት አከራይዋ በሯን አንኳኩ።

«ስሚኝ ልጄ፣ ባለቤቴ ዳሌውን ታክሞ በወሩ መጨረሻ ከሐኪም ቤት ይወጣል። በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ይሄ ጉድሽ እግሩ ሥር ገብቶ ቢጥለውስ? እስከዚያ አደብ ካልገዛ ሌላ ቤት ፈልጊለት።»

«አደብ ይገዛል፣ እትዬ።»

«ማን ሊያስገዛው?»

«እኔ።»

ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር ታላቅ ወንድሟ ከሶፋው ላይ ሳቀ። «እኔን ካልሲ ከወለል ማንሳት ያላስተማረች!»

እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ነገሩን ከሥሩ ጀመረች። ውሻን ማስቀመጥ ማለት ጀርባውን መጫን አይደለም፤ ሲጫኑት መልሶ ይገፋል እንጂ አይማርም። ብጣቂ የተቀቀለ ሥጋ በጣት ይያዝና ከአፍንጫው ከፍ ብሎ ወደ ጆሮዎቹ መሃል ቀስ እያለ ይሄዳል። ዓይኑ ሥጋውን ይከተላል፣ አንገቱ ይቀናል፣ አንገት ሲወጣ ወገብ ይወርዳል። ደስ የሚለው እዚህ ላይ ነው፤ ማንም ሳይነካው ራሱ ተቀመጠ። ቂጡ ወለሉን በነካባት ቅጽበት ሥጋው አፉ መግባት አለበት። ከዘገየ ለምን እንደ ተሸለመ ይጠፋዋል።

ቁራጭ ቶሎ ገባው። የስፌት መኪናዋን ታቆማለች፣ አንገቷ ላይ የሚንጠለጠለው ሜትር ፊቱ ላይ እየተወዛወዘ እንዳያውከው አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ታኖራለች፣ «ተቀመጥ» ትላለች። ዱብ ይላል።

እሑድ ለብሳ አምራ አከራይዋን ከደረጃው ጠራቻቸው። «እትዬ፣ ይመልከቱልኝ። ቁራጭ፣ ተቀመጥ።»

ቁራጭ አፍጥጦ አያት። ደገመችለት። ጭራውን ቆላ፣ አዛጋ፣ በሴትዮዋ እግሮች መሃል ሾልኮ ደረጃውን ወረደ።

«ጥሩ አድርጎ ተቀምጧል፣» አሉ አከራይዋ።

በማግስቱ ወንድሟ የመጋረጃ ዘንግ ሊለካ ፈልጎ ሜትሩን ከአንገቷ ሳብ አደረገው። ማንም ምንም ሳይናገር ቁራጭ ዱብ ብሎ ተቀመጠ። ወንድሟ ሜትሩን መልሶ አንገቷ ላይ ጣለው፤ ውሻው ተነሣ። አወለቀው፤ ተቀመጠ።

«መብራቱን ነው የሚያየው እንጂ የትራፊኩን ፊሽካ አይሰማም፣» አለ ወንድሟ።

እሷ ስፒሎቹን ከአፏ አወጣች። «ጥፋቱ የሱ አይደለም። ሳላውቅ የሜትሩን መውለቅ ነው ያስተማርኩት። እሑድ ደግሞ አንገቴ ላይ አልነበረም።»

እንደ ተበላሸ ስፌት ተርትራ እንደገና ጀመረች። ሜትሩ ካንገቷ ሳይወርድ መጀመሪያ ቃሉን፣ ትንሽ ቆይታ የእጇን ምልክት፤ ቃሉ ብቻውን ሲበቃው ምልክቱን ተወችው። ከዚያ ቦታ ቀየረች፦ በሩ ላይ፣ ደረጃው ላይ፣ መኪና በሚያልፍበት መንገድ ዳር። በየቦታው የረሳ ይመስላል። አልረሳም፤ ክፍሉ ውስጥ የተማረው ደረጃ ላይም እንደሚሠራ የነገረው የለም እንጂ። ግራ ሲገባው አልተቆጣችም፤ ወደሚችለው ትመለስና ትንሽ ብቻ ትጨምርበታለች።

«ተዪው፣ ደከመው እኮ፣» ይላል ወንድሟ።

«ደክሞህ ከሆነ አንተ ተኛ።»

ሽማግሌው የአከራይዋ ባለቤት ከሐኪም ቤት የመጡ ቀን የደንበኛ ካፖርት በሁለት እጇ ታቅፋ በሩን በክርኗ ስትከፍት፣ ምርኩዛቸው ከታች ኳ፣ ኳ ሲል ሰማች። ቁራጭም ሰማ። በእግሮቿ መሃል አልፎ ደረጃው አፍ ላይ ደረሰ።

«ተቀመጥ፣» አለች ድምፅዋን ሳትጨምር።

ውሻው ዞሮ አንገቷን አየ። ሜትሩ እንደ ተንጠለጠለ ነው። እጆቿም ተይዘዋል። አንድ ጆሮው ቆመ፣ የኋላ እግሮቹ ተንቀጠቀጡ፣ ተቀመጠ። ምርኩዙ ከአፍንጫው ፊት ለፊት ሲያልፍ እንኳ ንቅንቅ አላለም።

«ይሄ ነው እንዴ አውሬው?» አሉ ሽማግሌው ትንፋሽ ለመሰብሰብ ቆም ብለው።

አከራይዋ ከኋላቸው ሆነው ውሻውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «ነገም ይህን ደረጃ እንወጣለን፣» አሉ።

«ነገም ይቀመጣል፣ እትዬ።»

ካፖርቱን ወንድሟ ላይ ጣለችና እጇን ሥጋ ወደያዘው ኪሷ ሰደደች።