አንድ ጣሳ ሬንጅ

የጎረቤቴ የብረት በር በከፈቱት ቁጥር ሲጢጥ ይላል። አንድ ጠብታ ዘይት ጣል ቢያደርጉበት ዝም ይል ነበር፤ የተከራዩት ልጆች ግን ሰነፎች ናቸው፤ እኔም፣ እውነቱን ልናገርና፣ እንዲቀባ አልፈልግም። ጠዋት ጠዋት ያን ድምፅ ስሰማ ዓይኔን ሳልገልጥ ጨፋ ረግረግ እገባለሁ። የረጠበ ሣርና የጭቃ ሽታ ያውደኛል፤ ውሃው ላይ የተኛችው የማለዳ ፀሐይ ዓይኔን ትወጋኛለች። የአባቴ ጀልባ መቅዘፊያ የሚጮኸው ልክ እንዲህ ነበር።

ጀልባ ስላችሁ እንዳትስቁ። የከሚሴ ሰው ስቆ ጨርሶታል። ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወፍ ሊቆጥሩ ጨፋ ረግረግ ዳር ድንኳን የተከሉ ፈረንጆች ነበሩ። ሰው አገር አቋርጦ የሰው ወፍ ሊቆጥር መምጣቱ ራሱ ለከተማው የዓመት ወሬ ሆኖ ነበር። አባቴ ዘበኛቸው ነበር። ቆጥረው ሲጨርሱ ድንኳናቸውን ጠቅልለው፣ ቀለሟ የተላጠውን አሮጌ ባለሸራ ጀልባ ግን "ላንተ ትሁን" ብለውት ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ የሁለት ቤት አባወራ ሆነ። ይህን ያለችው እናቴ ናት።

ጀልባዋ ከባድ ሕመም አልነበረባትም፤ የሚያማት ትንንሽ ነገር ነው። ሸራውን የሚስበው ገመድ መሃል ላይ ይያዝና ወደ ላይም ወደ ታችም አልሄድ ይላል። መቀመጫው ላይ አንድ ሚስማር ነበር፤ ስንቴ ቢመታ ተመልሶ ብቅ እያለ የስንቱን ሽርጥ ቀዷል። መቅዘፊያው ይጮኻል። ከሥር ሁለት ሳንቃዎች በሚጋጠሙበት በኩል ደግሞ ውሃ ታስገባለች። አባቴ አመሻሽ ላይ ከሥራ ሲመለስ ቤት ሳይገባ ወደ እሷ ይሄዳል። ሞራ ይቀባል፣ ገመድ ይፈታል፣ ሚስማር ይመታል፣ ለብቻው ያንጎራጉራል። አንዱን ሲጠግን ሌላው ይበላሻል፤ እሱ ግን በዚህ የተከፋ አይመስለኝም።

በዚያው ዘመን የቤታችን ጣራ ያፈስ ነበር። ሌላ ቦታ ቢሆን ደግ፤ በትክክል እናቴ አልጋ ላይ። አባቴ "ዛሬ ነገ" ሲል ክረምቱ ገባ።

አንድ ቀን ከረግረጉ ማዶ ለቅሶ ነበረና እናቴን በጀልባዋ ወሰድናት። አባቴ ያን ሰሞን ቀዳዳዋን በእበትና በአመድ መርጎት ነበር። የኛ ሰው ምን ያድርግ? ጎተራ በእበት ይመረጋል፣ ግድግዳ በእበት ይለሰናል። ፀሐይ ላይ ደርቆ እንደ ድንጋይ ሲጠነክር ጎረቤት ጠርቶ አሳይቶ ነበር። ረግረጉ መሃል ስንደርስ ሟሟ። እናቴ በነጭ ነጠላዋ እስከ ወገቧ አረንጓዴ ሆና ለቅሶ ደረሰች። አልቃሾቹ ሳቃቸውን ለማፈን ፊታቸውን ሸፈኑ። እናቴ በሰው ፊት መናቅን እንደ ሞት የምትፈራ ሴት ነበረች።

በሦስተኛው ቀን ዝናብ ጣለና አልጋዋ ራሰ። ተነሳች፣ እርጥቡን አንሶላ አባቴ እግር ሥር ጣለችው።

"የሷን ቀዳዳ ስትደፍን የኔን ረሳህ። በል ከሷው ጋር ኑር።"

ረግረጉን በመንገድ ዞራ ከማዶ ወንድሟ ቤት ገባች። በማግሥቱ ቦርከና ወንዝ ሞልቶ መንገዱን ቆረጠው።

ሁለት ሳምንት ቆየች። ፍች ልትጠይቅ ነው የሚለው ወሬ በሰንበቴ ከተማ ገበያተኞች በኩል ዞሮ ደረሰን። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ወጡን አሳርራለሁ፣ አባቴ ሳያጉረመርም ይበላል፤ ያ አለማጉረምረሙ ነበር ይበልጥ የሚያስፈራኝ። እናቴ ካልተመለሰች ቤታችን ቤት እንደማይሆን አውቄዋለሁ።

በመጨረሻ አባቴ ሽማግሌ ለመነ። የሰፈራችን ሼህና ጎረቤታችን ክርስቲያኑ ባለሱቅ እሺ አሉ። ሦስተኛው ሰው ውሃ ዳር ድረስ መጥቶ ጀልባዋን ሲያይ እግሩን አመመው።

ሼሁ ግን "አብሽር" አሉት አባቴን። "ማል ጎና፣ ምን እናድርግ እንግዲህ! ሽማግሌ ውሃ ፈርቶ የሰው ቤት አያፈርስም። ነገ ከዙሁር በኋላ እንሻገራለን።"

አባቴ መንገድ ከሚጠግኑ ሠራተኞች ለምኖ አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ ሬንጅ አመጣ። ከበርሜሉ ተፍቆ የወጣ ነው፤ ከዚያ በላይ አልነበረም።

"ለቀዳዳዋ ልክ ይበቃታል" አለ፣ ጣሳውን ወደ ብርሃን አዘንብሎ እያየ።

"አባ፣ ጣራውስ?"

"ሽማግሎቹ ቢሰምጡስ?" አለኝ።

"ሽማግሎቹ ደርሰው እሷ እምቢ ብትልስ?"

እንዲህ ብዬ ተናግሬው አላውቅም ነበር። ቁጣውን ጠበቅሁ። እሱ ግን ጣሳውን እያገላበጠ ብዙ ቆየና፣ "መሰላሉን አምጪ" አለኝ።

ሬንጁን ጓሮ እሳት ላይ አቀለጥሁት፤ ጭሱ ጉሮሮዬን ከረከረኝ። አባቴ ቆርቆሮው ላይ በደረቱ ተኝቶ እያንዳንዷን የሚስማር ቀዳዳ በእንጨት ጫፍ ደፈነ። እኔ ቤት ውስጥ አልጋው ላይ ቆሜ ብርሃን የሚገባበትን እየጠቆምሁ "እዚህ ጋ! አሁንም እዚህ ጋ!" እጮኻለሁ። የመጨረሻዋ የብርሃን ነጥብ ስትጠፋ ጣሳው ባዶ ነበር።

ለጀልባዋ በሞራ የተነከረ ጨርቅ ወተፍንላት። ሚስማሩን መታነው፣ ሸራውን በማዳበሪያ ጆንያ ጣፍነው። መቅዘፊያውን የምንቀባበት ሞራ አልተረፈም።

በማግሥቱ ተሳፈርን። መሃል ላይ ገመዱ ተያዘ፤ ሸራው ግማሽ ላይ ቆመ። ቀጥሎ ጨርቁ ለቀቀ። ሼሁ "ያ ረቢ" እያሉ በውዱእ ማንቆርቆሪያቸው፣ ባለሱቁ "እመብርሃን" እያለ በባርኔጣው ውሃ ይቀዳሉ። እኔ በሁለት እጄ እቀዳለሁ። አባቴ ማንንም ሳያይ ይቀዝፋል፣ መቅዘፊያው ይጮኻል። ሚስማሩም ብቅ ብሎ የባለሱቁን ሱሪ ያዘው።

እንደ ደንቡ አባቴ ጀልባዋ ጋ ቀረ። እኛ ሦስታችን ውሃ እያንጠባጠብን አጎቴ ቤት ገባን።

"ኧረ ተቀመጡ፣ ኧረ በአላህ!" አለ አጎቴ።

"አንቀመጥም" አሉ ሼሁ። "እሺታችሁን ሳንሰማ አንቀመጥም።"

እናቴ ከጓዳ ወጣች። ከስታ ነበር፤ ወይም ስለናፈቀችኝ መሰለኝ። የሼሁን ልብስ ጫፍ፣ ከሥሩ የተጠራቀመውን ውሃ አየች።

"አሁንም ውሃ ታስገባለች?"

"ታስገባለች፣ ልጄ" አሉ ሼሁ። ምን ይዋሹ።

"ከተማው መንገድ ዳር ሬንጅ ተደርድሮ፣ እሱ አንድ ጣሳ አጣ? እናንተን የመሰለ ሰው ሊያሰምጥ?"

ሼሁና ባለሱቁ ተያዩ።

"አላጣም እማ፣ አንድ ጣሳ አግኝቶ ነበር" አልኳት።

"ታዲያ የት አደረገው?"

"ያንቺ ጣራ ላይ።"

ውጭ ከብት ይጮኻል።

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ስትዞር ዓይኗ ቀልቷል፤ ድምጿ ግን የድሮው የቤታችን ድምፅ ነበር።

"ኧረ ተቀመጡ እንጂ! እርጥብ ሽማግሌ አቁሜ ልነወር ነው?"

ሽማግሎቹ ተቀመጡ። እኔም እነሱ አጠገብ ዘጭ አልሁ። ስንት ነገር አልፎልኛል፤ ተምሬ ተመርቄያለሁ፣ ልጅ በሰላም ወልጄ ተገላግያለሁ። እንደዚያች ደቂቃ ግን እፎይ ብዬ አላውቅም።

በመልሱ እናቴ ጀልባዋ ውስጥ ገብታ ማንቆርቆሪያውን ከሼሁ እጅ ወሰደች። "ይተዉት ሼህዬ፣ ይሄ የኛ ጣጣ ነው" አለችና እስከ ዳር ድረስ ውሃ ቀዳች። አባቴን አንድ ቃል አላናገረችውም፤ እሱም አልደፈረም።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። እንደ ጠጠር ቆርቆሮውን ሲደበድበው እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ቀና አለች። አባቴ እንደ እንግዳ በሩ ላይ ቆሟል። ረጅም ጊዜ ጠበቀች፤ አንድም ጠብታ አልወረደም።

"ኮቱ፣ ታኢ" አለችው፤ ና ተቀመጥ ማለቷ ነው። ፍቅር ሲሆኑ በኦሮምኛ ነበር የሚያወሩት፤ ከተጣሉ ወዲህ በኦሮምኛ ስታናግረው የመጀመሪያዋ ነበር። ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠ። ሁለቱም ጣራውን እያዩ ዝናቡ እስኪያባራ ቆዩ።

አባቴ አሁን በሕይወት የለም። እናቴ እኔ ጋ ነው የምትኖረው፤ ቤቴም አያፈስም። ዝናብ ሲጥል ግን አሁንም አልጋዋ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ከጎኗ የአንድ ሰው ቦታ ትታ።