ለቅሶ የማይደረስበት አገር

ንጋት፣ ቦሌ ቡልቡላ

ጤዛው ገና ከጤፉ ላይ አልተነሳም። ከተከራየኋት ክፍል ወጥቼ በማሳዎቹ መሃል በምታልፈው ቀጭን መንገድ ወደ አስፋልቱ አመራሁ። ጫማዬ የያዘው ጭቃ ከጫማው ሳይበልጥ አይቀርም። ከአጥሩ ማዶ አውሮፕላን ያጓራል፤ ከአጥሩ ወዲህ አንድ ገበሬ ከብቶቹን እየነዳ ቀና ብሎም አያየው።

በዚህ ዓምድ ላይ ስለ መንገድ ስጽፍ ዓመታት አልፈዋል። በዚህ ሳምንት ግን አዘጋጄ «ነዳጅም አበልም የለም፣ እዚሁ አካባቢ የሆነ ነገር ፈልግ» አለኝ። እዚሁ አካባቢ! እኔም እልህ ያዘኝና ከኦሎምፒያ ሳልወጣ ተራራና በረሃ የማቋርጥበትን ጉዞ መረጥኩ። የምሄደው ኮምፒውተር ውስጥ ነው።

ጨዋታው በሲዲ የመጣ ነው። ጎራዴ፣ አስማትና ዘንዶ ያለበት ሰፊ አገር ነው፤ እንደሌሎቹ ጨዋታዎች በአንድ መስመር አይነዳችሁም፣ እንደ ልባችሁ ትዞሩበታላችሁ። ካርቶኑ ላይ «ወደ ፈለግህበት ሂድ፣ የፈለግኸውን ሁን» የሚል በትልቁ ተጽፏል። ቃሉን ጠብቆ እንደሆነ ልፈርድ ነው የምሄደው። ፍርዴን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ ይህን አስቀድሜ ልናገርና በኋላ እንዳትወቅሱኝ።

ማለዳ፣ የቦሌ መንገድ

የጉዞ ጓደኛዬን ከማልን ያገኘሁት አውሮፕላን ማረፊያው መታጠፊያ ላይ ነው። ከማል ወሎዬ ነው፣ የከባድ መኪና ሹፌር። ዕድሜውን የጨረሰው በአሰብ መንገድ ላይ ነው፤ መስመሩ ከተዘጋ ወዲህ ግን ገርጂ ቤቱ ቁጭ ብሏል። አሁን መሪ የሚጨብጠው እሁድ እሁድ፣ ከእኔ ጋር፣ እዚያ ጨዋታ ውስጥ ነው። ኪቦርዱ የሱ ነው፤ እንግሊዝኛውን እያነበቡ ወደ አማርኛ መመለስ የኔ ነው።

የተሳፈርንበት ውይይት ታክሲ ጎማው ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ጉልበታችን ፊት ለፊት ከተቀመጡት ሰዎች ጉልበት ጋር ይጋጫል። ሹፌሩ ከማልን በመስታወት አይቶ አወቀው።

«ከማሌ! በእሁድ ወዴት ነው?»

«ሚሌ» አለ ከማል፣ ፊቱ ላይ ምንም ሳይታይ።

«መስመሩ ተከፈተ እንዴ?»

«ለእኔ ተከፍቷል።»

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየው። ከማል በጨዋታው ውስጥ ላሉት ቦታዎች ሁሉ የራሱን ስም አውጥቷል። በረሃው ሚሌ ነው፣ ሰሜን ያለው ትልቁ ከተማ ደግሞ ደሴ። የጨዋታው ሠሪዎች ያወጧቸው ስሞች አፍ አይሞሉም ባይ ነው፤ በዚህ በኩል እኔም ከሱ ጋር ነኝ።

ረፋድ፣ ኦሎምፒያ

ከመንገዱ ዳር ቁጭ ብለን ፉል በላን፤ ሚጥሚጣው የዋዛ አልነበረም። ከዚያ ወደ ወይዘሮ ሠናይት የጽሕፈትና የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ወጣን። ሁለት ክፍል ነው፣ በላስቲክ የተሸፈኑ ኮምፒውተሮች ተደርድረዋል፤ ጨዋታውን መሸከም የሚችለው ጥግ ያለው አንዱ ብቻ ነው። ወይዘሮ ሠናይት ነጠላቸውን እንደለበሱ ከቤተ ክርስቲያን መጥተው ቁልፉን ሰጡን።

«እስኪመሽ የናንተ ነው» አሉ። «ነገ አዲስ ተማሪዎች ይገባሉ። አመሻሽ ላይ እኔው ራሴ መጥቼ ጨዋታውን ከኮምፒውተሩ አጠፋዋለሁ። ዘንዶ እያደነ ታይፕ የሚማር የለም።»

«ዘንዶውን አልነካንም እትዬ» አለ ከማል። «እኛ አንዲት እናት ነው የምናደርሰው።»

እውነቱን ነው። ዘንዶው የሚኖርበት ግንብ ከደሴ በላይ ነው፤ ለጽሑፌ መደምደሚያ ያስፈልገኝ የነበረውም እሱ ነው። ነገር ግን ከጥቂት እሁዶች በፊት መንገድ ላይ አንዲት አሮጊት አገኘን። ልጃቸው ደሴ ታስሯል፤ እናትየው በጊዜ ደርሰው ዋስ ከሆኑት ይለቀቃል። ብቻቸውን መሄድ ስለማይችሉ ከኋላችን እየተከተሉ ይመጣሉ። ከማል «እማማ» ይላቸዋል።

ከማል እማማን ያለ ነገር አልተሸከማቸውም። የሱ እናት ኮምቦልቻ ሲያርፉ እሱ አሰብ ጭነት ላይ ነበር። ቀብሩ በዕለቱ ተፈጸመ። እሱ ሲደርስ ድንኳኑም ፈርሶ ነበር። «ይቺን እናት በሰዓታቸው አደርሳቸዋለሁ» ብሎኛል፤ ዛሬ ደግሞ የመጨረሻው ቀን ነው።

ቀን፣ ከሚሌ ወደ ደሴ

መልካሙን ልናገርና ይውጣልኝ። ይህ አገር ሰፊ ነው። ተራራ ከታየ ይወጣል፣ ወንዝ ከታየ ይሻገራል፤ ኬላ የለም፣ «መታወቂያ» የሚል የለም። ዝናቡ ከሩቅ ሲመጣ ይታያል፤ ከማል ባለፈው ጊዜ ሳያስበው የሸሚዙን ኮሌታ ቆልፏል። ፀሐይ ስትጠልቅ መንገዱን አቁመን እናያለን። ይህን የሠራ እጅ ይባረክ።

ሰውን የሠራው እጅ ግን ምን ነክቶት ነው? ሰው ቤት ዘው ብላችሁ ትገባላችሁ፤ የሚደነግጥ የለም፣ «ኖር» የሚል የለም፣ «ብሉ» የሚል የለም። ባለቤቱ ፊት ሣጥኑን ትከፍታላችሁ፤ ቆሞ ያያችኋል። አንዱን መንደር ያየ ሁሉንም አይቷል፤ ያው ጉድጓድ፣ ያው ጣሪያ፣ ያቺው ባለ ቀይ ቀሚስ ሴት። ሸክም የተሸከመ ሰው በመንገድ አላየንም። መቃብር ቦታ አለ፤ የተሠራው ግን አፅሞች ተነስተው እንዲዋጉን ነው። የሞተባቸውን የሚያስቡበት አይደለም።

እማማም ቢሆኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የተሰጣቸው። በጠጋናቸው ቁጥር «ለመንገደኛ መልካም ቀን ነው» ይላሉ። ልጃቸው እስር ቤት ነው እኮ!

ከበረሃው እንደወጣን አንድ ፈረሰኛ መልእክተኛ አስቆመን። ከማል ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል «ምን ይላል?» አለኝ። የተጻፈውን አንብቤ ነገርኩት።

«ልጁ ዛሬ ይሰቀላል። እናቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከደረሱ ግን ዋስትናቸው ተቀባይነት ያገኛል።»

ከማል በስክሪኑ ጥግ ያለችውን ሰዓት አየ። አሥራ ሁለት ትላለች።

«ስድስት ሰዓት ነው» አለ። «እስከ ማታ ሁለት ሰዓት ድረስ ሰፊ ጊዜ አለን። በጫካው አቋራጭ አልሄድም፣ ሽፍታ አለበት። እኚህን እናት ይዤ ሽፍታ ውስጥ አልገባም።»

እኔም ተስማማሁ። በሐይቁ ዳር ባለው ረጅሙ መንገድ ዞርን። ቆንጆ መንገድ ነው፣ ውሃው ላይ ሰማዩ ይታያል፤ ከማል እየሄደ ያንጎራጉር ጀመር። እማማ ወደ ኋላ ሲቀሩ ይቆማል፣ ሲደርሱ ይሄዳል። ደሴ በር ላይ ሲደርስ ጨዋታውን ሴቭ አደረገ፣ የደረስንበትን መዘገበ፣ ከተማ ከመግባቱ በፊት ሁልጊዜ የሚያደርገው ነው፤ የቀድሞው መዝገብ በዚያው ተደመሰሰ፣ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ሰዓቷ አራት ትላለች።

«አሥር ሰዓት» አለ ከማል ደስ ብሎት። «ቀድመን ገባን።»

ከሰዓት በኋላ፣ ደሴ በር

ዘበኛው የተናገረውን አነበብኩለት። «ዘግይታችኋል። በሁለት ሰዓት ተፈጽሟል።»

«እንዴት ይፈጸማል? ገና አሥር ሰዓት ነው!» ከማል ከወንበሩ ተነሳ። «ሁለት ሰዓት መቼ ደረሰና?»

ክው አልኩ። የፈረንጅ ሁለት የኛ ስምንት ነው። ከማል የስክሪኑን ሰዓት ወደ አበሻ ሰዓት እየመለሰ ነው የሚያነበው፤ እኔ የመልእክተኛውን ሁለት ሳልመልስ እንዳለ ሁለት አልኩት። እሱ የኛን ሰዓት ቆጠረ፣ እኔ የነሱን ነገርኩት፤ በመሃሉ ሰው ሞተ።

ስህተቱ የኛ ነው፣ አልክድም። ያበሳጨኝ ከዚህ በኋላ የሆነው ነው።

ከማል እማማን ጠጋቸው። እማማ ዞረው አዩንና ተናገሩ። ከማል «ምን አሉ?» አለኝ። መተርጎም ጠላሁ።

«ያው ነው።»

«ምን ያው ነው? ልጃቸው ሞቷል!»

«ለመንገደኛ መልካም ቀን ነው አሉ።»

ከማል ኪቦርዱን ከዳር እስከ ዳር ነካካው። መምታት አለ። መስረቅ አለ። መሸጥ፣ መዝለል፣ እሳት መወርወርም አለ። አይዞሽ የሚባልበት የለም። ባለ ቀይ ቀሚሷ ሴት በአጠገባችን አለፈች፤ ሰላም ለማለት እንኳ አልቆመችም። አደባባዩ ላይ ሰው ይመላለሳል፤ ማንም እማማ ዘንድ አልመጣም፣ ማንም ነጠላውን አላዘቀዘቀም።

በዚህ ጨዋታ ለሰዎች ቃል ጽፎ መጠየቅ ይቻላል። ከማል አስታወሰው።

«ጻፍላቸው» አለ። «ያጽናዎ በላቸው።»

በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። መልሱ «ስለዚህ ጉዳይ የማውቀው የለም» የሚል ሆነ። «በአማርኛ ሞክር» አለኝ። በላቲን ፊደል «እግዚአብሔር ያጽናዎ» ብዬ ጻፍኩ። ስለዚህ ጉዳይ የማውቀው የለም። ከማል ጎንበስ ብሎ በአንድ ጣቱ ፊደል እየለቀመ ራሱ ጻፈ፦ «አላህ ሰብሩን ይስጥዎ»። ስለዚህ ጉዳይ የማውቀው የለም።

እኔ የማይረባ ጨዋታ ብዙ አይቻለሁ፤ ይህን ያህል ግን አልተቆጣሁም። የዘንዶውን ቅርፊት አንድ በአንድ ስለዋል! ለፈረሱ ጥላ ሠርተውለታል! ይህን ሁሉ የለፉ ሰዎች፣ እናት ከልጇ ገመድ ፊት ስትቆም ምን እንደምትሆን አንድ ሰው እንኳ አልጠየቁም? ለመግደል መቶ መንገድ ያዘጋጀ አገር፣ ለሞተበት አንድ ቃል የለውም። «የፈለግኸውን ሁን» ይላሉ ደግሞ። ለቅሶ ደራሽ እንሁን ያልን ጊዜ ጠፋቸው።

አመሻሽ፣ መመለሻ

በመስኮቱ የኦሎምፒያ መኪኖች መብራት ማብራት ጀምረዋል። ግንቡ ከደሴ በላይ ይታያል፤ ከፈጠንን የዘንዶውን በር እናያለን፣ እኔም መደምደሚያዬን አገኛለሁ። ይህንኑ ለከማል ነገርኩት። እሱ ፊቱን ወደ መጣንበት መንገድ አዙሯል።

«ወዴት ነው?»

«ቤታቸው ላድርሳቸው። ልጃቸው የሞተባቸውን እናት አደባባይ ላይ ጥዬ ዘንዶ ልግደል?»

አላስቸገርኩትም። በሐይቁ ዳር ተመለስን። ይህ መንገድ ሽልማት የለውም፣ ጨዋታው አላዘዘንም፣ መኖራችንንም የሚያውቅ አይመስልም። ዝናብ ጀመረ። ከማል እማማ ወደ ኋላ ሲቀሩ ይቆማል፣ ሲደርሱ ይሄዳል። አሁን አያንጎራጉርም። ፍርዴን ሚዛናዊ ለማድረግ ይህን እመሰክራለሁ፦ አገሩ አልከለከለንም። ቃል ባይሰጠንም መንገዱን ሰጥቶናል፣ እስከ በራቸው ድረስ።

የእማማ መንደር ገባን። ጎረቤቶቻቸው በየደጁ ቆመው «ለመንገደኛ መልካም ቀን ነው» አሉን፣ አንድ በአንድ። ከማል ተሳደበ፤ እዚህ አልጽፈውም። ቤታቸው ገብተን መሬት ላይ ተቀመጥን። በጨዋታው ለደከመ መንገደኛ ማረፍ የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ስትጫኑት ለስንት ቀን ብሎ ይጠይቃል። ለቁስል ነው የተሠራው።

«ስንት ልበለው?» አልኩ።

«ሦስት ነዋ።»

ሦስት ብዬ ጻፍኩ። ስክሪኑ ጨለመ፤ ቀኖቹ በጥጉ ማለፍ ጀመሩ። ከማል እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አቀርቅሯል። እኔም እንደሱ አቀረቀርኩ።

በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ ሠናይት ናቸው፣ ጨዋታውን ሊያጠፉ የመጡት። ከደጃፉ ላይ ሆነው እኔን አዩ፣ ከማልን አዩ፣ ድንገት እጃቸው ደረታቸው ላይ ሄደ።

«ምነው? ምን ሆናችኋል? ማን ሞተ?»

«የእማማ ልጅ» አለ ከማል፣ ቀና ሳይል።

ወይዘሮ ሠናይት የትኛዋ እማማ ብለው አልጠየቁም። «ውይ! አላህ ሰብሩን ይስጥህ ከማልዬ» አሉ፤ ነጠላቸውን አዘቀዘቁና ወንበር ስበው አጠገባችን ተቀመጡ።