ለቅሶ ቤት የገባ ግራሞፎን

ጉሉማ የነቀምቴ አናጢ ነበር። በር ይገጥማል፣ ወንበር ይሠራል፤ ስሙ የታወቀው ግን በዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ነው። ዲዴሳ ወርደው ማጥመድ ለሚወዱ ሹማምንትና ለሚሲዮን ሐኪሞች ክንዳቸውን ለክቶ፣ ቀርከሃውን መርጦ፣ ለያንዳንዱ የሚስማማውን ይሠራላቸው ነበር።

ለብቻው ግን አልነበረም። ሲባጎው የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች በሐር ክር እየጠመጠመች ከዘንጉ ጋር የምታስረው ሚስቱ በቀለች ነበረች። እሱ ክሩን ቫርኒሽ ይቀባል፤ እሷ ዘንጉን ጭኗ ላይ አጋድማ ቀስ እያለች ታዞረዋለች። ካልዞረ ቫርኒሹ ወደ ታች ይወርድና እንደ ሕፃን ንፍጥ ተንጠልጥሎ ይደርቃል። እስኪይዝ ድረስ ግማሽ ቀን ታዞራለች። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ሠሩ።

በ፲፱፻፶፮ ሐምሌ በቀለች ሦስት ቀን ታማ ሞተች። አስራ የጨረሰችው፣ ቫርኒሽ ያልነካው አንድ ዘንግ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ቀዩን ክር የመረጠችው ራሷ ነበረች።

በተቀበረች በሦስተኛው ቀን ጉሉማ ወደ ሥራ ክፍሉ ገብቶ አየው። የክረምቱ እርጥበት ክሩን አላልቶት የአንዱ ቀለበት ማሰሪያ ጫፍ ተፈቷል። ሌላ ሰው ቢሆን ፈትቶ እንደገና ያስረው ነበር። እሱ የእሷን እጅ ሥራ መፍታት አልሆነለትም። ጫፉን በመርፌ መልሶ ወሸቀና አንዱን ቀለበት ቫርኒሽ ቀብቶ ማዞር ጀመረ።

ግን ለቅሶ ቤት ነው። ሰው በገባ ቁጥር ሐዘንተኛው ተነሥቶ መቀበል አለበት። ከቢላ ከተማ የመጡ ዘመዶች ገቡ፤ ተነሣ። ተመልሶ ሲያይ ቫርኒሹ ወርዶ ደርቋል። በምላጭ ሲፍቀው ሁለት ክር ቆረጠ። ያን ጊዜ ምላጩን ግድግዳው ላይ ወረወረው።

ከሰዓት በኋላ ዘንጉን ያዘዘው የአውራጃው ሹም፣ አቶ አበጋዝ፣ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። «እግዜር ያጥናህ» አለና ጥቂት ቆይቶ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። «ያቺ ነገርስ... ደርሳ ይሆን?»

«የደረሰችው ሚስቴ ናት፣ ጌታዬ» አለ ጉሉማ። «አፈር ውስጥ።»

ሹሙ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ጉሉማ ከጠጅ ሻጩ ከወሰኔ ዘንድ ክንዱ ተሰብሮ መዝፈን የተወ ግራሞፎን ተውሶ በጋቢ ሸፍኖ አመጣ። ሸክላ የሚቀመጥበትን ክብ ከትልቅ የእንጨት መንኮራኩር ጋር በጠፍር አያያዘው፤ መንኮራኩሩን ከዘንጉ ጋር። ግራሞፎኑ አንዴ ሲጠመዘዝ፣ ጉሉማ አንድ ለቀስተኛ ተቀብሎ እስኪያስቀምጥ ድረስ ዘንጉን ቀስ እያለ ያዞረዋል። የፈለገውም ይህንኑ ነበር። ሁሉንም ቀለበቶች ቀባ።

ጋቢው ግን የግራሞፎኑን ጥግ አልሸፈነም ኖሯል፤ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ማድ ቤት ደረሰ። የበቀለች ታላቅ እህት ዘርፈሽ የሊጥ እጇን እንኳ ሳትታጠብ በሩን በርግዳ ገባች።

«ያ ጉሉማ! የእህቴ መቃብር ሳይጠና ዘፈን ታስገባለህ?»

«ዘፈን የለበትም።»

«ያለ ዘፈን ግራሞፎን! ሞኝ አደረግኸኝ? ሰው ምን እንደሚል ታውቃለህ? ሴት አማረው ነው የሚለው!»

«ይበል! ሲገባ ስነሣለት፣ ሲወጣ ስነሣለት፣ የእሷ ሥራ እጄ ላይ ይበላሽ? ነይ፣ እዪው!»

አየችው። ቀዩ ክር እያበራ ቀስ ብሎ ይዞራል። የዘርፈሽ ፊት ግን አልተፈታም።

«እሷ ናት ያሰረችው?»

«እሷ ናት።»

በዚህ መሐል ግራሞፎኑ ውስጥ አንድ ነገር ጠሽ አለ። ሞላው ተበጠሰ። መንኮራኩሩ ቆመ፣ ዘንጉም ቆመ። እደጅ አዲስ ለቀስተኞች ዋይታቸውን እያሰሙ ደረሱ። ጉሉማ አንድ እግሩ ወደ በሩ፣ አንድ እጁ ወደ ዘንጉ፣ መሐል ቆሞ ቀረ። ቫርኒሹ ከሥር መጠራቀም ጀምሯል።

ዘርፈሽ እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ተቀመጠች። ዘንጉን ከጠፍሩ አላቅቃ ጭኗ ላይ አጋደመችው።

«በየት በኩል ነው የሚዞረው?»

«ወደ ራስሽ። ቀስ አርገሽ።»

«ሂድ፣ ተቀበላቸው። ይቅር ብዬህ እንዳይመስልህ።»

«ዐውቃለሁ።»

«ለዚያ ሹም ልትሰጠው ነው?»

«ከፈለገ ያሳስረኝ! ለሱ ሌላ እሠራለሁ።»

«ቀለበቱን ማን አስሮልህ?» አለችና ድምፅዋ ተሰበረ፤ ወዲያው ግን አጠነከረችው። «ሂድ አልኩህ እኮ!»

ከማድ ቤት ሴቶቹ ደጋግመው ተጣሩ። «እጄ ሥራ ይዟል!» እያለች መለሰቻቸው። እስኪመሽ ድረስ፣ ጉሉማ በተመለሰ ቁጥር ሰደበችው። ዘንጉ ግን አልቆመም።