ጠብ ካለ፣ አለ ነው

የውሃ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ስሙን ትተው «ቁርጡ» ነው የሚሉት። ማለዳ ገብቶ ኮምፒውተሩ ፊት ከተቀመጠበት ሰዓት ጀምሮ «ቁርጡን ንገሩኝ» የምትለው ቃል ከአፉ አትጠፋም። አንድ ቀን በር ጠባቂውን «እንዴት አደርክ?» አለው። ጠባቂው «ይመስገን፣ አለን እንግዲህ» ሲል፣ ቁርጡ ቆም ብሎ፣ «ይሄ መልስ አይደለም። ደህና ነህ ወይስ አይደለህም?» አለው። ጠባቂው ከዚያ ወዲህ ሰላምታውን በእጁ ብቻ አድርጎታል።

ሥራው ፕሮግራም መጻፍ ነው። ፕሮግራም የሚጻፍበት ቋንቋ ሲወለድ አብረውት የተወለዱ የዳታ ዓይነቶች አሉ፤ በውስጡ የሚቀመጠው ነገር ሁሉ ከእነሱ የአንዱን መልክ መያዝ አለበት። ሙሉ ቁጥር አለ፣ ነጥብ ያለው ቁጥር አለ፣ ጽሑፍ አለ። ቡሊያን የሚባልም አለ፤ ከእውነትና ከሐሰት በቀር ምንም አይቀበልም። ሰው ዝናብ ያጠበውን ቅጠል አይቶ ልቡ ይሸፍታል፤ የቁርጡ ልብ የሸፈተው በቡሊያን ነው። «እዩት እስቲ» ይላል፣ የሙሽራ ፎቶ የሚያሳይ ይመስል ስክሪኑን እያዞረ፣ «ንጹሕ! አዎ ወይ አይ። መሐል ቆሞ የሚያለቃቅስ የለ!» ጽሑፍን ግን ይጠየፈዋል። ሐሜቱንም ስድቡንም አሜን ብሎ የሚውጥ የቆሻሻ ገንዳ ነው ለእሱ።

የሚወዳት ልጅ ነበረች። «ታገቢኛለሽ?» ሲላት «እስቲ ትንሽ ላስብበት» አለችው። «አይ ማለት ነው» ብሎ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሥቶ ሄደ። አስባ ስትጨርስ እሺ ልትለው ነበር ይባላል።

እንግዲህ የመሥሪያ ቤቱን የቅሬታ መቀበያ ፕሮግራም የሠራው ይህ ሰው ነው። ደንበኛ ይደውላል፣ ስልክ ተቀባይዋ አንዲት ጥያቄ ትጠይቃለች፦ ውሃ አለ? «የለም» ከተጫነ ጉዳዩ ወደ ጥገና ክፍል ይሄዳል። «አለ» ከተጫነ ቅሬታው እዚያው ይዘጋል።

በመጀመሪያው ሳምንት ስልክ ተቀባይዋ ማዳመጫውን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መጣችበት።

«ስማ እንጂ ቁርጡ፣ አንድ አባት ‹አለ እንዳልል አይሞላም፣ የለም እንዳልል ይንጠባጠባል› አሉኝ። የቱን ልጫን?»

«ጠብ ይላል?»

«ጠብማ ይላል።»

«ጠብ ካለ፣ አለ ነው።»

«አንተ ሰውነትህን በጠብታ ታጠብና ና፣ ያኔ እንነጋገራለን!» ብላው ሄደች። ግን እንደታዘዘችው ተጫነች።

ሥራ አስኪያጁ ደስታውን አልቻለውም። መግቢያው አዳራሽ ላይ ትልቅ ስክሪን አሰቀለ፤ ውሃ ያለው ሰፈር ሁሉ አረንጓዴ ይበራል። ስክሪኑ በአንድ ወር ውስጥ የለመለመ ማሳ መሰለ። አንዲት ቧንቧ ሳትጠገን ከተማው ሁሉ ውሃ በውሃ ሆነ! እንዲህ ያለ ተአምር በሁለት ቃል ብቻ ይሠራል ብሎ ማን ያስባል?

ቁርጡን ከሕፃንነቱ ያሳደገችው የአባቱ እህት ናት፤ እቴቴ ይላታል። የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ እያጠበች አስተምራዋለች፣ ዛሬም በዚያው ትተዳደራለች። በዚያ ሰሞን ቧንቧዋ ሲደክም ደወለች። ስልክ ተቀባይዋ ጠየቀቻት፤ «ጠብ ይላል» ስትላት «አለ»ን ተጫነች። ወዲያው በእቴቴ ስልክ ላይ መልእክት ገባ፦ «ውሃ አለ። ቅሬታዎ ተዘግቷል። እናመሰግናለን።»

አርብ ሊነጋጋ ሲል ጠራችውና መጣ። ግቢው ውስጥ አንሶላው በየሳፋው ተከምሯል። ቧንቧው ሥር የተቀመጠው ባልዲ ታቹ ብቻ ረጥቧል።

«ይሄ መልእክት ካንተ ቤት ነው የመጣው?» አለች ስልኳን አፍንጫው ሥር አስጠግታ።

«እቴቴ፣ እሱ እኮ ፕሮግራሙ ነው…»

«የማረፊያው ባለቤት ነገ ቅዳሜ እንግዳ ይገባልኛል ብላለች። አንሶላው ካልደረሰ ሥራውን ለማሽን አጣቢዎቹ ልትሰጥ ነው። ለአንድ ቀን አይምሰልህ፣ ለዘለቄታው። እና አንተ ቁርጡን ንገረኝ፤ ውሃ አለኝ ወይስ የለኝም?»

ቁርጡ ቧንቧውን አየ። አንዲት ጠብታ አፉ ላይ ተንጠልጥላ፣ ወፍራ፣ የንጋቱን ሰማይ በሆዷ ይዛ፣ ልውደቅ አልውደቅ እያለች ታመነታለች። እሱም አብሯት አመነታ።

«አለ… ግን…» አለ።

ግን! እንዲህ ያለችው ቃል ከዚያ አፍ ወጥታ አታውቅም። እቴቴ ራሷ ደንግጣ አየችው።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባ። ሥራ አስኪያጁ ከረባቱን እያስተካከለ ነበር፤ የበላይ ጎብኚዎች ከሰዓታት በኋላ ይመጣሉ።

«ጌታዬ፣ የዳታ ዓይነቱ ስሕተት ነው። ባልዲ በምን ያህል ጊዜ ይሞላል ብለን እንጠይቅና በቁጥር እናስቀምጠው።»

«ቁጥር?» አለ ሥራ አስኪያጁ። «አንተ ልጅ፣ ቁጥር ከመጣ ማነስና መብዛት ይመጣል። ማነስና መብዛት ከመጣ ‹ለምን› ይመጣል። ‹ለምን› ከመጣ ደግሞ እኔ ጋ ነው የሚመጣው። አዎና አይ ቆንጆ ናቸው፣ አትንካቸው።»

ቁርጡ የገዛ ፍቅሩን በሌላ ሰው አፍ ሲሰማው አስጠላው። ወንበሩ ላይ ተመለሰና አሰበ። ሰው ሁሉ በባልዲ ለክቶ እስኪደውል ቅዳሜ ያልፋል። የተባለውን እንዳለ፣ ሳያማርጥ የሚቀበል አንድ ዓይነት ብቻ ነው ያለው። እየተጠየፈ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ቡሊያኑን ወደ ጽሑፍ ለወጠው። የገባው ቅሬታ ሁሉ አሁን በቀጥታ ጥገና ክፍል ይደርሳል። ለእቴቴ «በይ አሁን ደውዪ» አላት፤ ለስልክ ተቀባይዋም «ያሉሽን እንዳለ ጻፊው።»

«እንዳለ?»

«እንዳለ።»

«ወይኔ ደስታዬ!» ብላ ጣቶቿን አፍታታች።

አንድ ነገር ግን ረሳ። አዳራሹ ላይ የተሰቀለው ስክሪንም የሚያነበው ከዚያው ቦታ ነው።

ጎብኚዎቹ ገቡ። ሥራ አስኪያጁ ጀርባውን ለስክሪኑ ሰጥቶ፣ እጁን ዘርግቶ፣ «እንደምትመለከቱት ቅሬታ የለብንም ማለት ይቻላል» አለ። እንግዶቹ ተመለከቱ። አረንጓዴው ጠፍቶ ቃል ይወርዳል፦

«ከቧንቧው የሚወጣው ፉጨት ብቻ ነው።»

«ውሃው እንደ አማቴ ሆኗል፤ በፈለገው ጊዜ ይመጣል፣ ሲመጣም እያጉረመረመ ነው።»

«ውሃ አለ ያለው ፕሮግራም ይምጣና አንሶላውን ይጠብልኝ። ያሳደግኩት እኔ ነኝ፣ አጠባ አስተምሬዋለሁ።»

የጎብኚዎቹ አለቃ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «እኚህ ሴትዮ ማን ናቸው? ውሃው ደርሷቸዋል?» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ።

«በመድረስ ላይ ነው!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

የጥገና መኪናው እንደ እሳት አደጋ መኪና በረረ። በልቅሶም በልመናም ያልተገኘው ጥገና አንድ አለቃ ስለሳቁ ተገኘ። ሠራተኞቹ የእቴቴን መስመር ቆፍረው የተደፈነውን አጸዱ፤ የጎረቤቶቿን መስመር ግን ዞር ብለው አላዩትም። ስሟ ብቻ ነበር የተነገራቸው። ጎብኚዎቹ ሲወጡ ሥራ አስኪያጁ ቁርጡን ጠርቶ፣ «አሁኑኑ ወደነበረበት መልሰው። ከሰኞ ጀምሮ አንተም ስልክ ታነሣለህ» አለው። ቁርጡ አዎም አይም ሳይል መለሰው።

ከሰዓት በኋላ እቴቴ ግቢ ውሃው እየዘለለ ሳፋውን ያንቀሳቅሳል። አንሶላው ለነገ እንደሚደርስ ተረጋገጠ። ቁርጡ እጅጌውን ጠቅልሎ የአንሶላውን አንድ ጫፍ ይዞ ይጨምቃል፤ ሌላውን ጫፍ እቴቴ ይዛለች። ጎረቤቶች ጄሪካናቸውን እየያዙ በሩን ሞሉት።

«ምን ብለሽ ነው የሰደብሻቸው?» አለች ከፊት የቆመችው ጎረቤት። «ቃሉን ስጪን፣ እኛም እንድገመው!»

«ዛሬ ያለው ፕሮግራም ስድብ አይቀበልም» አለ ቁርጡ አንገቱን ደፍቶ። «ጠብ ይላል ካላችሁ ይዘጋባችኋል።»

«ይሄ አንሶላ አጣቢ ምንድን ነው የሚለው?» አለ አንድ ሽማግሌ።

«ይሄማ ፕሮግራሙ ራሱ ነው» አለች እቴቴ፣ ግቢው በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ወደ ጎረቤቶቿ ዞራ፣ «ኮምፒውተሩ ካልተቀበላችሁ ሥራ አስኪያጁን በአፋችሁ ንገሩት። ጄሪካኑን ባዶውን ያዙት፣ እሱም ይናገራል» አለቻቸው።

ተያዩ። ከዚያ አንድ በአንድ እየዞሩ፣ ባዶ ፕላስቲክ እያንኳኩ፣ ወደ መሥሪያ ቤቱ መንገድ ጀመሩ። ቁርጡ አንሶላውን እንደጨበጠ በዓይኑ ሸኛቸው። ውሃው በክርኑ ይወርዳል።

«ምን አስቆመህ?» አለች እቴቴ አንሶላውን ከእጁ ነጥቃ። «ሂድ ቅደማቸው እንጂ። የሰውየውን ቢሮ በር የምታውቀው አንተ ነህ።»