ደብዳቤ ያገተው አንቲቫይረስ

ኢንተርኔት በስልክ መስመር እያቃሰተ በሚገባበት ዘመን፣ ሲኒማ ራስ አጠገብ ካለ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከዱባይ ብርድ ልብስ በሚያስመጡ ነጋዴ ቢሮ በኮምፒውተር ባለሙያነት ተቀጠርኩ። ለሙከራ ነው። ነጋዴውን ጋሼ ነበር የምንላቸው። ሰርቨር እያልን የምናሞካሸው፣ ኢሜይል የሚቀበለውም፣ የሚፈትሸውም፣ የዕቃ ማስረከቢያ የሚያትመውም ያው አንድ ኮምፒውተር ነው።

አንድ ዓርብ ጠዋት ጋሼ ፊታቸው ተለዋውጦ ገቡ። የዱባዩ ሰውዬ ደውሎ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ብጽፍ ብጽፍ መልስ አጣሁ፣ ዕቃውን ለሌላ ልሰጥ ነው ብሏቸዋል። እኔ ደግሞ የሚጽፍልን ሰው ጠፍቶ መስሎኝ ተዝናንቼ ተቀምጫለሁ! እንዴት እንዳፈርኩ። ጋሼ አልጮኹም፤ ሲናደዱ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

«ከጁምዓ ስመለስ ደብዳቤው ካልመጣ፣ አንቺም ማሽኑም አብራችሁ ትሄዳላችሁ።»

ያንን ሥራ ለማግኘት ዓመት ሙሉ ጫማ ጨርሻለሁ። እልህ ያዘኝ።

ሰርቨሩን ስፈትሽ ደብዳቤዎቹ አልጠፉም፤ ደጅ ላይ ተሰልፈዋል። ለቫይረስ የሚፈትሻቸው አንቲቫይረስ ሥራ አቁሟል፣ ያልተፈተሸ ደግሞ አይገባም። ባስነሳው ባስነሳው ተመልሶ ይወድቃል። አንቲቫይረሱን የሸጠልን ሰው ጋ ብደውል፣ አጥፊውና ደብዳቤው ዝም ብሎ ይግባ አለኝ። ደሜ ፈላ። አንድ ጊዜ ቫይረስ የቢሮውን ፋይል ሙልጭ አድርጎ ስለበላው እኮ ነው የተገዛው! ዘበኛው እንቅልፍ ጣለው ተብሎ በር ተከፍቶ ይታደራል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት።

ከዚያ አንቲቫይረሱ የሠራውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ ከላይ እስከ ታች ማንበብ ያዝኩ። አንድ መስመር ይመላለሳል፤ የመጠቀሚያ ፈቃዱ ጊዜ ገና አልጀመረም ይላል። እንዴት አይጀምርም? ከገዛነው ስንት ወራችን! የኮምፒውተሩ ጥግ ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ፤ አራት ተኩል። የእጅ ሰዓቴን አየሁ፤ አራት ተኩል። ልክ ነው ብዬ ላልፈው ስል ክው አልኩ። የኔ ሰዓት የሐበሻ፣ የማሽኑ የፈረንጅ፤ መቼ ገጥመው ያውቃሉ? ቀኑን ከፈትኩት። በፈረንጅ ገና አምስተኛው ወር ነው፤ ማሽኑ ዘጠነኛው ላይ ደርሷል። ዓመቱ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ፤ አንቲቫይረሱን ገና ያልገዛንበት ዘመን። ግንቦት! አንድ ሰው ማሽኑን ሐበሻ አድርጎታል።

የቢሮውን ጸሐፊ ጠየቅኳት። ራሳቸው ጋሼ ናቸው አለችኝ በሹክሹክታ፤ ማስረከቢያው በፈረንጅ ቀን እየወጣ ደንበኛ ሲነዘንዛቸው፣ ማክሰኞ ቁጭ ብለው አስተካከሉት።

ቀኑንም ሰዓቱንም መለስኩና አንቲቫይረሱን አስነሳሁት። አሁን አልወደቀም። ደብዳቤዎቹ አንድ በአንድ እየተፈተሹ ይገቡ ጀመር። ሁለቱ ላይ ቫይረስ አግኝቶ ለብቻ ቆለፈባቸው። ይኸው! አጥፊው ይለኛል ደግሞ! የዱባዩ ደብዳቤ ሲገባ እልል አልኩ፤ ጸሐፊዋ አበድሽ እንዴ አለችኝ።

ጋሼ ከጁምዓ ሁለት ነጋዴዎች አስከትለው ተመለሱ። ደብዳቤውን አትሜ ሰጠኋቸው። አነበቡና ማን ነው ያበላሸው አሉ። ጸሐፊዋ በዓይኗ ለመነችኝ። ማሽኑ ነው ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ ግን ነገ ደግመው ቢነኩትስ?

«እርስዎ ነዎት ጋሼ። ቀኑን ወደ እኛ ስለቀየሩት ነው።»

ጋሼ ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወደ እንግዶቹ ዞሩ። ይህን ሁሉ ዘመን ስነግድ ጥፋቴን ፊት ለፊት የነገረኝ ሠራተኛ አላየሁም አሏቸው። አለቀልኝ ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ።

«ሁለታችሁም ኮምፒውተር አላችሁ፤ አውቃለሁ» አሉ ጋሼ። «ይቺን ልጅ እንዳታባብሉብኝ። ከዛሬ ጀምሮ ቋሚ ናት።»

አንደኛው እንግዳ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ ስልክ ቁጥሬን ጠየቀኝ። ጋሼ እየሰሙ፣ አልሰጥም አልኩት።